የብራድፎርድ መሃል ከተማ መልሶ ማልማት

የብራድፎርድ መሃል ከተማ መልሶ ማልማት በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው የብራድፎርድ ከተማ ከ2003 ጀምሮ የተካሄደ የግንባታና የእድሳት ሥራ ነው። መነሻው የከተማው ምክር ቤትና አጋሮቹ ከውጭ በቀጠሯቸው አማካሪዎች የተዘጋጀ ማስተር ፕላን ነበር። ፕላኑን ያወጣው በአርክቴክት ዊል ኦልሶፕ (1947–2018) ይመራ የነበረው ድርጅት ሲሆን፣ በከተማው አዳራሽ ዙሪያ ሐይቅ እንዲሠራ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ በርካታ ሕንፃዎች እንዲፈርሱና የተደፈነው የከተማው ቦይ እንደገና እንዲከፈት ሐሳብ አቅርቧል። ከነዚህ ሐሳቦች ሥራ ላይ የዋለው ጥቂቱ ነው፤ እርሱም ቢሆን መልኩን ለውጦ ነው። በዚህ ምክንያት የብራድፎርድ ታሪክ አንድ ምክር ቤት አማካሪ ሲቀጥር ምን እንደሚያገኝና ምን እንደማያገኝ ለማሳየት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ናቸው።

የቃሉ ትርጉም

በኢትዮጵያ «መልሶ ማልማት» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ያረጁ መኖሪያ ሰፈሮችን አፍርሶ በምትካቸው አዳዲስ ሕንፃዎችን መገንባት ነው። በእንግሊዝ ከተሞች ግን ዋናው ችግር የመሃል ከተማው ባዶ መሆን ነው። ፋብሪካዎች ሲዘጉ ሥራ ጠፋ፤ ሰዎች ከመሃል ወደ ዳር ወጡ፤ ከከተማ ውጭ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ያላቸው ትልልቅ መደብሮች ተከፈቱ፤ በኋላም የኢንተርኔት ግብይት ተጨመረ። በዚህ የተነሳ በዋናው ጎዳና ላይ ያሉ ሱቆች አንድ በአንድ ይዘጋሉ፣ የሕንፃ ኪራይ ይወርዳል፣ ባለቤቶችም ሕንፃቸውን ማደስ ያቆማሉ። መሃል ከተማን መልሶ ማልማት ማለት ይህን የቁልቁለት ጉዞ ለማስቆም የሚደረገው ሥራ ሁሉ ነው። ሥራው አደባባይና መናፈሻ መሥራትን፣ መንገድ ለእግረኛ መስጠትን፣ አሮጌ ሕንፃ ማደስን፣ የገበያ አዳራሽና መኖሪያ ቤት መገንባትን ያጠቃልላል።

ከተማዋ ከዕቅዱ በፊት

ብራድፎርድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሱፍ ኢንዱስትሪ በፍጥነት ያደገች ከተማ ናት። በ1873 የተመረቀው ባለ ሰዓት ማማው የከተማ አዳራሽ የዚያን ዘመን ሀብት ያሳያል። በ1897 የ«ሲቲ» ማዕረግ ተሰጣት። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በምክር ቤቱ አስተዳደር ሥር ባለው ወረዳ 546 ሺህ ገደማ ሰዎች ይኖራሉ።

ከተማዋ የተመሠረተችው በውሃ ዳር ቢሆንም ዛሬ በመሃሏ ወንዝ አይታይም። ብራድፎርድ ቤክ የሚባለው ትንሽ ወንዝ ከተማዋ ስታድግ ተሸፍኖ ከመሬት በታች እንዲያልፍ ተደረገ። በ1774 የተከፈተው የብራድፎርድ ቦይም በ1922 ተዘግቶ ተደፈነ።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የከተማው መሐንዲስ የነበረው ስታንሊ ዋርድሊ ለመኪና የሚመቹ ሰፋፊ መንገዶችና ዘመናዊ የኮንክሪት ሕንፃዎች ያሉበት አዲስ መሃል ከተማ ነደፈ። ለዚህም ብዙ የቪክቶሪያ ዘመን ሕንፃዎች ፈረሱ። ደራሲው ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ በወጣትነቱ በሱፍ ንግድ ቢሮ የሠራበት ስዋን አርኬድ በ1962፣ የቀድሞው የከርክጌት ገበያ አዳራሽ ደግሞ በ1973 ፈርሰዋል። በኋለኞቹ ዓመታት ብዙ ነዋሪዎች በእነዚህ ሕንፃዎች መፍረስ ሲቆጩ ተሰምተዋል።

የዋርድሊ ዕቅድ በውጭ አማካሪ ሳይሆን በምክር ቤቱ በራሱ ሠራተኛ የተዘጋጀ፣ አብዛኛው ክፍሉም በተግባር የተገነባ ነበር። ከዚህ እንደሚታየው የአንድ ዕቅድ መልካምነት የሚለካው አዘጋጁ የውስጥ ሰው ወይም የውጭ ሰው በመሆኑ ብቻ አይደለም።

የሱፍ ፋብሪካዎቹ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እየተዘጉ ሲሄዱ መሃል ከተማውም ተዳከመ። በሐምሌ 2001 በከተማዋ ከባድ ሁከት ተነሣ። የከተማዋን መልክና ስም መለወጥ የሚለው ጥያቄ በምክር ቤቱ አጀንዳ ላይ ጎልቶ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ምክር ቤቶች አማካሪ የሚቀጥሩበት ምክንያት

አንድ የከተማ ምክር ቤት ቆሻሻ ማንሣትን፣ መንገድ መጠገንንና የግንባታ ፈቃድ መስጠትን የመሳሰሉ የዘወትር ሥራዎችን የሚሠሩ ቋሚ ሠራተኞች አሉት። የመሃል ከተማ ማስተር ፕላን ግን በብዙ ዓመት አንዴ የሚሠራ ሥራ ነው። ለዚህ ብቻ የሚያስፈልጉትን ባለሙያዎች ሁልጊዜ በደመወዝ መያዝ አያዋጣም። ስለዚህ ምክር ቤቱ ለተወሰነ ጊዜ በክፍያ ይቀጥራቸዋል። በአንድ የአማካሪ ቡድን ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚከተሉት ይገኛሉ፦

• ሕንፃዎችና አደባባዮች እንዴት እንደሚቀመጡ የሚነድፉ አርክቴክቶችና የከተማ ነዳፊዎች፤
• የመኪናን፣ የአውቶቡስንና የእግረኛን እንቅስቃሴ የሚያጠኑ የትራንስፖርት ባለሙያዎች፤
• ሱቅ፣ ቢሮና መኖሪያ ቤት በምን ያህል እንደሚከራይና እንደሚሸጥ የሚያጠኑ የንብረት ገበያ ባለሙያዎች፤
• የግንባታ ወጪን የሚያሰሉ የዋጋ ገማቾች፤
• የነዋሪውን አስተያየት የሚሰበስቡ የሕዝብ ምክክር ባለሙያዎች።

ከሙያው ሌላ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ ከማዕከላዊ መንግሥት ወይም ከሌላ ምንጭ ገንዘብ ለመጠየቅ በገለልተኛ ወገን የተሠራ ጥናት ማቅረብ ይረዳል። ሁለተኛው፣ በምክር ቤቱ ውስጥ ያሉ የተለያዩ ፓርቲዎች ሊስማሙበት ያልቻሉትን ጉዳይ ከውጭ የመጣ ሰው ሲናገረው ለመቀበል ይቀላል። ይህኛው ምክንያት በሰነድ ላይ ባይጻፍም ብዙ ጊዜ ይሠራል።

የቅጥር ሂደት

ሂደቱ የሚጀምረው ምክር ቤቱ በሚያዘጋጀው ቢጋር ነው። ቢጋር የሥራውን ዓላማ፣ የሚጠናውን አካባቢ ወሰን፣ ርክክብ የሚደረግባቸውን ሰነዶች፣ ጊዜውንና የገንዘቡን ጣሪያ የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። ቀጥሎ ጨረታ ይወጣል። ተወዳዳሪዎች የሚመዘኑት በዋጋ ብቻ ሳይሆን በልምዳቸው፣ ባቀረቡት የአሠራር ዘዴና በሚመድቧቸው ባለሙያዎች ጭምር ነው። በእንግሊዝ ሕግ ምክር ቤቶች በ1999 በወጣው የአካባቢ አስተዳደር አዋጅ መሠረት ለሚያወጡት ገንዘብ የተሻለውን ጥቅም የማግኘት ግዴታ አለባቸው። የመንግሥት ግዥን የሚመራው የ2023 አዋጅ ደግሞ በየካቲት 2025 ሥራ ላይ ውሏል።

ያሸነፈው አማካሪ ሥራውን አብዛኛውን ጊዜ በአራት ደረጃ ያከናውናል። መጀመሪያ ያለውን ሁኔታ ያጠናል፤ ይህም የባዶ ሱቆችን ቁጥር፣ የመሬት ባለቤትነትንና የእግረኛን ብዛት ይጨምራል። ሁለተኛ፣ የተለያዩ አማራጮችን ያቀርባል። ሦስተኛ፣ አማራጮቹ ለሕዝብ ምክክር ቀርበው አንዱ ይመረጣል። አራተኛ፣ የተመረጠው አማራጭ በማንና በምን ገንዘብ፣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚሠራ የሚያሳይ የአፈጻጸም ዕቅድ ይዘጋጃል። ክፍያውም በደረጃው ልክ ይፈጸማል።

በአማካሪ የተዘጋጀ ማስተር ፕላን በራሱ ሕግ አይደለም። ማንንም ባለንብረት እንዲገነባ ወይም እንዲያፈርስ አያስገድድም። ሕጋዊ ክብደት የሚያገኘው ምክር ቤቱ በደንቡ መሠረት ለሕዝብ አቅርቦ፣ በገለልተኛ መርማሪ አስመርምሮ እንደ ይፋዊ የልማት ፕላን ሲያጸድቀው ነው። ብራድፎርድ እንዲህ ያለውን የመሃል ከተማ ፕላን ያጸደቀችው በ2017፣ ማለትም ከመጀመሪያው ማስተር ፕላን 14 ዓመት በኋላ ነው።

የ2003 ማስተር ፕላን

በ2003 ብራድፎርድ ሴንተር ሪጀነሬሽን የሚባል የመልሶ ማልማት ኩባንያ ተቋቋመ። መሥራቾቹ የከተማው ምክር ቤት፣ የክልሉ ልማት ኤጀንሲ ዮርክሸር ፎርዋርድና ኢንግሊሽ ፓርትነርሺፕስ የተባለው የመንግሥት ተቋም ነበሩ። ኩባንያው ማስተር ፕላኑን እንዲያዘጋጅ የኦልሶፕን ድርጅት ቀጠረ። ኦልሶፕ በዚያን ጊዜ ስመ ጥር ነበር፤ በለንደን ለሠራው የፔካም ቤተ መጻሕፍት በ2000 የስተርሊንግ ሽልማት ተሰጥቶታል። በዚያው ሰሞን በዮርክሸር ለምትገኘው ለባርንስሊ ከተማም ዕቅድ አዘጋጅቶ ነበር፤ እርሷንም በጣሊያን ቱስካኒ እንዳሉት በኮረብታ ላይ የተሠሩ ከተሞች እንድትሆን አስቦላታል።

የብራድፎርድ ዕቅድ መነሻ ሐሳብ «ከመጨመር ይልቅ መቀነስ» ሊባል ይችላል። መሃል ከተማዋ ከሚያስፈልጋት በላይ ሕንፃ አላት፤ ስለዚህ ጥሩዎቹን የቪክቶሪያ ዘመን ሕንፃዎች የሸፈኑትን በማንሣት ቦታው ለውሃና ለመናፈሻ ይሰጥ የሚል ነበር። ዕቅዱ መሃል ከተማውን በአራት ሰፈሮች ከፈለው። «ጎድጓዳው» በተባለው ክፍል የከተማውን አዳራሽ የሚከብብ ሐይቅ ታሰበ። «መተላለፊያው» በተባለው ክፍል ቦይና ውሃ እንዲመለስ ተነደፈ። «ሸለቆው» እና «ገበያው» የተባሉት ደግሞ የቀሩትን አካባቢዎች ይሸፍኑ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ለየሰፈሩ ዝርዝር ዕቅድ የሚያወጡ ሌሎች አማካሪዎች ተቀጠሩ።

ዕቅዱ በአገሪቱ ጋዜጦች ዘንድ ትልቅ ትኩረት አገኘ። ደጋፊዎቹ ከተማዋ ስለ ራሷ ያላትን አመለካከት እንደለወጠ ተናገሩ። ተቺዎቹ ደግሞ ማን እንደሚከፍልበት ያልታወቀ ሕልም ነው አሉ።

አፈጻጸም

ዕቅዱ ከወጣ በኋላ በመሃል ከተማው ሦስት ቦታዎች የተከሰተው ነገር ሦስት የተለያየ መንገድ ይዟል።

የብሮድዌይ ጉድጓድ

በፎርስተር አደባባይ አጠገብ የነበሩት የ1960ዎቹ ሕንፃዎች ከ2004 ጀምሮ ፈረሱ። በቦታው ትልቅ የገበያ ማዕከል የሚገነባው የግል አልሚ ነበር። መሬቱ ተቆፍሮ መሠረት መሠራት ከተጀመረ በኋላ ግን በ2008 የዓለም የገንዘብ ቀውስ መጣ፤ ሥራውም ቆመ። በመሃል ከተማው ለዓመታት የታጠረ ሰፊ ጉድጓድ ቀረ። ነዋሪዎችም ቦታውን በቀጥታ «ጉድጓዱ» ብለው ይጠሩት ጀመር። በ2010 በከፊሉ ላይ ጊዜያዊ መናፈሻ ተሠራበት። ግንባታው እንደገና የተጀመረው በ2014 ሲሆን፣ «ዘ ብሮድዌይ» የተባለው የገበያ ማዕከል የተከፈተው በኅዳር 2015 ነው።

ከመፍረሱ እስከ መከፈቱ ድረስ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል። ምክር ቤቱ ፈቃድ መስጠትና መሬት ማሰባሰብ ቢችልም፣ አልሚው ገንዘብ ባጣ ወይም ትርፍ ባልታየው ጊዜ እንዲገነባ ሊያስገድደው አልቻለም።

ሲቲ ፓርክ

በከተማው አዳራሽ ዙሪያ የታሰበው ሐይቅ በዕቅዱ መጠን አልተሠራም። ሐሳቡ ግን አልተጣለም። ሌሎች ነዳፊዎችና መሐንዲሶች አሳንሰው እንደገና ሠሩትና ሲቲ ፓርክ የተባለው አደባባይ ሆነ። ግንባታው 24.4 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቶ በመጋቢት 2012 ተከፈተ። የአደባባዩ ስፋት 2.4 ሄክታር ገደማ ነው። በመሃሉ 4,000 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ጥልቀት የሌለው ገንዳ አለ፤ ከ100 በላይ ፋውንቴኖች ያሉት ሲሆን ትልቁ ውሃውን እስከ 30 ሜትር ከፍታ ይረጫል።

የንድፉ ቁልፍ ነገር ገንዳው ሊሞላም ሊደርቅም የሚችል መሆኑ ነው። ሲሞላ የአዳራሹ ማማ ይታይበታል፤ በበጋ ሕፃናት ይጫወቱበታል። ውሃው ሲቀነስ በገንዳው መካከል የእግር መንገድ ይወጣል፤ ሙሉ በሙሉ ሲጎድል ደግሞ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሜዳ ይሆናል። ቋሚ ሐይቅ ቢሆን ኖሮ ይህ አይቻልም ነበር። ስለዚህ የዕቅዱ መቀነስ ወጪውን ከማሳነሱም በላይ ለቦታው ተጨማሪ ጥቅም አስገኝቷል።

ይህ ሥራ ከገበያ ማዕከሉ በፊት ሊፈጸም የቻለበት ምክንያት ግልጽ ነው። መሬቱም ገንዘቡም በዋናነት የሕዝብ ነበር፤ ከሱቅ ኪራይ የሚገኝን ትርፍ መጠበቅ አላስፈለገውም።

የኦዲዮን ሕንፃ

ከሲቲ ፓርክ አጠገብ በ1930 «ኒው ቪክቶሪያ» በሚል ስም የተከፈተ ትልቅ ሲኒማ ቤት አለ። ከ3,000 በላይ መቀመጫ ነበረው። ቢትልስ የካቲት 2 ቀን 1963 የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የኮንሰርት ጉዟቸውን የጀመሩት እዚህ ነው። በኋላ «ኦዲዮን» የሚል ስም ይዞ በ2000 ተዘጋ። በኦልሶፕ ማስተር ፕላን ውስጥ ሕንፃው የሚፈርስ ነበር፤ በኋላም በምትኩ አዳዲስ ቢሮዎችና መኖሪያ ቤቶች ለመሥራት ታቀደ። በብሔራዊ ቅርስነት ስላልተመዘገበ የሕግ ከለላ አልነበረውም።

ነዋሪዎች ግን ተቃወሙ። ስዋን አርኬድና የከርክጌት ገበያ በፈረሱባት ከተማ ይህ ሦስተኛው እንዳይሆን ነበር ስጋታቸው። በ2007 አንድ ሺህ ገደማ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕንፃውን ከበቡት። የአፍርሶ መገንባቱ ዕቅድ በ2012 ከሸፈ፤ በ2013 ሕንፃው ወደ ምክር ቤቱ እጅ ገባ፤ ከዚያም «ብራድፎርድ ላይቭ» የተባለ የነዋሪዎች ድርጅት እንዲያድሰው ተመረጠ። እድሳቱም ረጅም ጊዜና ብዙ የሕዝብ ገንዘብ ወስዷል። ሕንፃው የሙዚቃና የትርኢት አዳራሽ ሆኖ ሥራ የጀመረው በ2025 ነው።

የተገኘው ትምህርት

የብራድፎርድ ዕቅድ አነጋጋሪ ሆኖ የቀጠለው ስለ አማካሪዎች በሚነሣው አጠቃላይ ክርክር ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የአዋጭነት ነው። ለምሳሌ አንድን ሕንፃ ለመሥራት 10 ሚሊዮን ፓውንድ ቢያስፈልግ፣ ነገር ግን በአካባቢው ኪራይ ዝቅተኛነት የተነሳ ሲያልቅ የሚያወጣው 8 ሚሊዮን ብቻ ቢሆን፣ የ2 ሚሊዮን ክፍተት አለ ማለት ነው። ክፍተቱን በሕዝብ ገንዘብ የሚሞላ ከሌለ የግል አልሚ አይገነባውም። መልሶ ማልማት የሚያስፈልጋቸው ከተሞች ደግሞ በአብዛኛው ኪራይ ዝቅተኛ የሆነባቸው ናቸው። ማራኪ ሥዕል ይህን ስሌት አይለውጠውም።

ሁለተኛው የጊዜ ጥያቄ ነው። አማካሪው ሰነዱን አስረክቦ ይሄዳል፤ ዕቅዱን ለ20 እና ለ30 ዓመት ይዞ የሚቀጥለው ምክር ቤቱ ነው። በመካከሉ ምርጫ ይደረጋል፣ ኃላፊዎች ይቀያየራሉ፣ የገንዘብ ምንጮችም ይዘጋሉ። በብራድፎርድ ዋና ደጋፊ የነበረው ዮርክሸር ፎርዋርድ እንደ ሌሎቹ የእንግሊዝ ክልላዊ ልማት ኤጀንሲዎች በ2012 ፈርሷል። ስለዚህ በምክር ቤቱ ውስጥ ዕቅዱን የሚረዳና የሚከታተል ቋሚ ባለሙያ ከሌለ ሰነዱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ሦስተኛው የነዋሪው ድርሻ ነው። አማካሪው ከውጭ በመምጣቱ ነዋሪው የለመደውንና የማያየውን ነገር ሊያይ ይችላል፤ በውሃ የተመሠረተች ከተማ ውሃዋን መደበቋን ኦልሶፕ ማስታወሱ ለዚህ ማስረጃ ነው። በሌላ በኩል አንድ የተዘጋ ሲኒማ ለከተማው ሰው ምን ማለት እንደሆነ ሊያመልጠው ይችላል። በብራድፎርድ ሁለቱም ደርሰዋል።

በአዲስ አበባ

የከተማ አስተዳደር ከውጭ አማካሪ መቅጠሩ ለአዲስ አበባም አዲስ አይደለም። በ1944 የታላቋን ለንደን ፕላን ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1950ዎቹ ለአዲስ አበባ ማስተር ፕላን አውጥቷል። በ1960ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ያለውን የቸርችል ጎዳና መስመር የከተማዋ አውራ ጎዳና አድርጎ ነድፏል። ከአበርክሮምቢ ዕቅድ በከፊል ብቻ ሲሠራ፣ የደ ማሪየን መስመር ግን ዛሬም በከተማዋ መሃል በግልጽ ይታያል።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ብራድፎርድ በግንቦት 2022 የ2025 የብሪታንያ የባህል ከተማ ሆና ተመረጠች። የበዓሉ መክፈቻ ትርኢት በጥር 2025 የቀረበው በሲቲ ፓርክ ነበር። በዚያው ዓመት ብራድፎርድ ላይቭ ተከፍቷል፤ በዳርሊ ጎዳና አዲስ የገበያ አዳራሽም ሥራ ጀምሯል። ኦልሶፕ ያሰበው ሐይቅ የለም፤ ቦዩም አልተከፈተም። በአዳራሹ ፊት ያለው ገንዳ ግን የተወለደው ከዚያ ዕቅድ ነው፤ ማዶው ላይ ደግሞ ዕቅዱ እንዲፈርስ የፈረደበት ሕንፃ ቆሟል።